አንድ ቃል ለሦስት ነገር

አማርኛ ለግጥምና ለተረት የተመቸ ነው፤ ስለ ሎጂክና ስለ ሞራል ለመነጋገር ግን ቃል ከውጭ ካልመጣ በቀር አይቻልም የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። እኛ ይህን አሳብ አንቀበለውም። የጎደለን ቃል ሳይሆን ቃልን ለይቶ የመጠቀም ትጋት ነው።

ለምሳሌ ያህል በልደታ ፍርድ ቤት አንድ ሾፌር ሰው ገጭቶ ተከሷል እንበል። ዳኛው «አደጋው በምን ምክንያት ደረሰ?» ብለው ቢጠይቁ፥ ፍሬኑ ተበጥሶ ነው ይባላል። «በምን ምክንያት ፈጠንህ?» ቢሉት፥ የታመመ ልጅ ወደ ሐኪም ቤት ሳደርስ ነው ይላል። ከሳሽ ደግሞ «ምክንያት ያበዛል» ብሎ ይነቅፈዋል። የመጀመሪያው ነገሩን ያመጣውን፥ ሁለተኛው ሰውዬው በልቡ የመዘነውን፥ ሦስተኛው የጥፋት መሸፈኛውን ይናገራል። ምስክር አንዱን ተጠይቆ ሌላውን ቢመልስ የሰው ነጻነት በቃል መደባለቅ ሊጠፋ ነው።

ሕጉ ግን ነገሩን ለይቶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ድርጊትና ውጤት ስለሚያያዙበት በ24ኛው፥ ስለ አሳብ በ58ኛው፥ ስለ ቸልተኛነት በ59ኛው አንቀጽ ይደነግጋል። ቃሉም አለን፤ ለመጀመሪያው መንሥኤ፥ ለሁለተኛው ምክንያት፥ ለሦስተኛው ማመካኛ እንበል።

«ሕዝቡ ሁሉንም ምክንያት ይላል፤ ማን ይከለክለዋል?» የሚለን ይኖራል። ማንም አይከለክለውም። በርበሬ በእፍኝ ይሸጣል፤ ወርቅ ግን ሚዛን ይፈልጋል። ዳኛና መምህር የሚሠሩት በወርቁ ነው።

እንግዳ ቃልንም አንጠላም፤ ፍልስፍና የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። የምንነቅፈው አሳቡን ሳይለዩ ከእንግዳ ቃል ጀርባ መሸሸግን ነው። ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት የሚከራከሩበት ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ እውነትን የሚመረምረውን ኃይል ልቡና ይለዋል። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወደ አማርኛ ሲመለስም፥ ተዋዋዮች ሊኖራቸው የሚገባው መተማመን «ቅን ልቡና» ተብሏል። አሮጌው ቃል ለአዲሱ ሥራ በቅቷል።

ስለዚህ መምህራን በፈተና ወረቀት ላይ «ምክንያቱን ግለጽ» ብለው ከመጻፋቸው በፊት ከሦስቱ የትኛውን እንደሚጠይቁ አስቀድመው ይወስኑ። ዛሬ ያልለየ ተማሪ ነገ በልደታ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል፥ ወይም ምስክር ሆኖ ይቆማልና።