የሐኪም ቤት ምርምርና የነጋዴው ድርሻ

ማናቸውም አስተዋይ ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን ዘግቶ ትርፉንና ኪሳራውን ሳያመዛዝን ለአዲሱ ዓመት ዕቃ አያዝም። የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደተሸጠ፣ የትኛው በመጋዘን አቧራ ለብሶ እንደቀረ ሳያውቅ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው ቢኖር፣ የንግዱ ዕድሜ አጭር መሆኑን ጎረቤቶቹ አስቀድመው ይናገሩለታል። ይህ እውነት በንግድ ቤት ዘንድ የቆየና የተለመደ ሲሆን፣ በሐኪም ቤት ዘንድ ግን ገና በሚገባ ሥር አልሰደደም። ሐኪም ቤቱም በየቀኑ መድኃኒት ያወጣል፣ መሣሪያ ይገዛል፣ የሰው ጉልበት ያፈሳል። ያወጣው ሁሉ በሽተኛውን ጠቅሞት እንደሆነ የሚያውቀው ግን የገዛ ሠራተኞቹ ሲመረምሩና ሲመዘግቡ ብቻ ነው።

የሐኪም ቤት ምርምር ሲባል ብዙ ሰው የሚገምተው ነጭ ካባ የለበሱ ሊቃውንት በማጉያ መነጽር የሚመራመሩበትን ታላቅ ቤተ ሙከራ ነው። ይህ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሙሉው አይደለም። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አዋላጇና መድኃኒት ቀማሚው በዕለት ሥራቸው መካከል አንድ ጥያቄ አንሥተው፣ በሽተኞችን ቆጥረው፣ አንዱን አሠራር ከሌላው ጋር አወዳድረው፣ ያገኙትን በጽሑፍ ሲያቀርቡ ይህም ምርምር ነው። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ እርሳስ፣ መዝገብ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ነው። ፍሬው ግን ከአንድ ሐኪም ቤት ግቢ ወጥቶ የዓለምን ገበያ እስከ መለወጥ ይደርሳል።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. የበጋ ወራት፣ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ አውራጃ በሚገኘው በሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል የምትመራ ሲስተር ዋርድ የተባለች ነርስ ነበረች። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሕፃናቱን ወደ ግቢው አውጥታ ታናፍሳቸው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሞቹ በሽተኞችን ሲጎበኙ አንዱን ሕፃን ገልጣ አሳየቻቸው። የሕፃኑ ገላ ከቢጫነቱ ጠርቶ ሳለ፣ የአንሶላው ጠርዝ የሸፈነው ቦታ ብቻ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ቢጫ እንደሆነ ቀርቶ ነበር። የዚህ ቢጫነት ምክንያት ቢሊሩቢን የተባለ በደም ውስጥ የሚጠራቀም ነገር ሲሆን፣ ከመጠን ሲያልፍ የሕፃኑን አንጎል ይጎዳል። ከዚያም በመስኮት ደፍ ላይ ለፀሐይ ተጋልጦ የቆየ የደም ናሙና ሲመረመር፣ የቢሊሩቢኑ መጠን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዶክተር ክሬመርና የሥራ ባልደረቦቹ ነገሩን ተከታትለው፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ መብራቶችን ከሕፃናት አልጋ በላይ አድርገው ሞከሩት። ውጤቱንም በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

ዛሬ በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች የሚታየው የብርሃን ሕክምና ከዚህ የመነጨ ነው። መብራቱን የሚሠራው ፋብሪካ፣ የሚያጓጉዘው፣ የሚያስመጣውና የሚጠግነው ሁሉ የእንጀራቸው ምንጭ የአንዲት ነርስ አስተውሎት መሆኑን ላያውቁ ይችላሉ። ሆኖም ማስተዋሏ ብቻውን በቂ አልነበረም። ያየችውን ለመናገር ደፈረች፤ ሐኪሞቹም የነርስ ወሬ ነው ብለው ሳይንቁ ለኩት፤ ከለኩትም በኋላ ጻፉት። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ያ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አንሶላው ሲታጠፍ አብሮ በተረሳ ነበር።

የሐኪም ቤት ምርምር ምን መግዛት እንደሚገባ እንደሚያስተምር ሁሉ፣ ምን መግዛት እንደማይገባም ያስተምራል። ዶሪን ኖርተን የተባለች እንግሊዛዊት ነርስ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በሐኪም ቤት የተኙ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን አጥንታ በ1962 መጽሐፍ አወጣች። በዚያን ጊዜ የአልጋ ቁስልን ለመከላከል በበሽተኞች ገላ ላይ የሚቀባው ቅባትና የሚታሸው ፈሳሽ ልዩ ልዩ ዓይነት ነበር። ጥናቱ ያመለከተው ግን ገላን የሚያድነው በየጊዜው በሽተኛውን ማገላበጥ እንጂ የቅባቱ ዓይነት አለመሆኑን ነው። ኖርተን ከዚህ ጋር አንድ ቀላል መመዘኛ አዘጋጀች። የአካልን ሁኔታ፣ የአእምሮን ንቃት፣ መራመድን፣ በአልጋ ላይ መንቀሳቀስንና ሽንትና ሰገራን መቆጣጠርን እያንዳንዳቸውን ከ1 እስከ 4 በሚደርስ ነጥብ ይመዝናል። ድምሩ 14 ወይም ከዚያ በታች የሆነ በሽተኛ ለቁስል የተጋለጠ ነው ይባላል። ለዚህ መመዘኛ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና የነርሷ ዕውቀት ብቻ ነው። ቅባት ለሚሸጥ ነጋዴ ዜናው መራራ ሳይሆን አልቀረም፤ ገንዘቡን ለሚያወጣው ሐኪም ቤትና ለተኛው ሰው ግን ትልቅ ትርፍ ነበር።

በቅርብ ዘመን ደግሞ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የተደረገው ምርምር ለነጋዴ ጆሮ ይበልጥ የሚስማማ ነው። ዶክተር ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለ በ1996 በአንድ ሌሊት ተረኝነቱ ሦስት ሕፃናት በሳንባ ምች ሲሞቱ አየ። ከዓመታት በኋላ በዳካ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል ሆስፒታል ሲሠራ፣ ውድ የሆነውን የመተንፈሻ መሣሪያ ሥራ በርካሽ የሚተካ ዘዴ አሰበ። ዘዴው በኦክሲጅን ቱቦና ባዶ በሆነ የሻምፖ ጠርሙስ የሚሠራ ነው። የሕፃኑ ትንፋሽ በቱቦው ወጥቶ በጠርሙሱ ውኃ ውስጥ አረፋ እየሠራ ሲያልፍ ጥቂት ግፊት ይፈጠራል፤ ያም ግፊት የሳንባውን ጥቃቅን ከረጢቶች ከመዘጋት ይጠብቃቸዋል። ከ2011 እስከ 2013 ድረስ 225 ሕፃናት በሦስት ክፍል ተመድበው ተጠኑ። በተለመደው ዝቅተኛ የኦክሲጅን አሰጣጥ ከታከሙት 67 ሕፃናት 10 ሲሞቱ፣ በጠርሙሱ ዘዴ ከታከሙት 79 የሞቱት 3 ናቸው። ውጤቱ በ2015 ታተመ። ኢኮኖሚስት የተባለው ጋዜጣ በ2018 እንደዘገበው፣ ያ ሆስፒታል በ2013 ለኦክሲጅን 30,000 ዶላር አውጥቶ ሳለ በ2017 ያወጣው 6,000 ዶላር ብቻ ነበር።

ይህን የሰማ አስመጪ ነገ ጠርሙስና ቱቦ ሰብስቦ በየሐኪም ቤቱ ልሽጥ ብሎ ቢነሣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከመነሣቱ በፊት ከማላዊ የመጣውን ሁለተኛ ዜና ማድመጥ ይገባዋል። በዚያ አገር በአንድ የወረዳ ሆስፒታል በሳንባ ምች በጽኑ የታመሙ 644 ሕፃናት ተጠንተው፣ ውጤቱ በ2019 ታተመ። በዚያ ሐኪም በየቀኑ አጠገባቸው ሆኖ አይከታተላቸውም ነበር። በዝቅተኛ ኦክሲጅን ከታከሙት መካከል ከመቶ 11 ሲሞቱ፣ በአረፋ ግፊት ከታከሙት ከመቶ 17 ሞቱ። መሠረተ ሐሳቡ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የሠራተኛው ቁጥር፣ የሐኪሙ ቅርበት፣ የመሣሪያው ዓይነትና የበሽተኛው ሁኔታ ሲለያይ ውጤቱም ተለያየ። በአንዱ ከተማ ነፍስ ያዳነ ነገር በሌላው ስፍራ ሳይመረመር ሲገባ ነፍስ ሊያሳጥር ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሌላ አገር ምርምር እንደ መልካም ምክር የሚሰማ እንጂ እንደ ተዘጋ ሒሳብ የሚወሰድ አይደለም። እያንዳንዱ አገር፣ እንዲያውም እያንዳንዱ ትልቅ ሐኪም ቤት፣ የሚገባለት መሣሪያና አሠራር በገዛ አልጋዎቹ ላይ ምን እንዳስከተለ መቁጠር አለበት። ይህንንም የሚቆጥርለት ከውጭ የሚመጣ ሰው አይደለም፤ ሌሊትና ቀን በዚያው የሚውሉትና የሚያድሩት ሠራተኞች ናቸው።

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ መሠረት አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1962 ተመሥርቶ የአገሪቱን ሐኪሞች ጥናት ሲያወጣ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲዎችም ሐኪሞችንና ነርሶችን ምርምር ያስተምራሉ። የአረፋው ዘዴ ራሱ በኢትዮጵያ ጠቅላላ ሆስፒታሎች ተፈትኗል። የጎደለው የሥራው ጊዜ ነው። ነርሷ ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ፣ በዕረፍቷ ሰዓት፣ በራሷ ወረቀትና በራሷ የስልክ ክፍያ የምትሠራው ምርምር እንዴት ሊበረክት ይችላል? ለመመረቂያ ወይም ለደረጃ ዕድገት ተብሎ የተጻፈውም ብዙ ጊዜ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ የተጠናበት ክፍል ሠራተኞች እንኳ ውጤቱን ሳይሰሙ ይቀራሉ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ነርስ በሚያንስበት ክፍል አንዷን ነርስ ከበሽተኛ ራስጌ አንሥቶ ከመዝገብ ፊት ማስቀመጥ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ያው ክፍል የማይጠቅም ሥራ በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ፣ ያለችውን ጥቂት ነርስ የሚያባክነው እርሱ ነው። ባለሱቅ ገበያ በበዛበት ቀን ሒሳብ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም ቢል፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ የሚጻፍ ሒሳብ አያገኝም። ስለዚህ መፍትሔው ምርምሩን መተው ሳይሆን፣ ነርሷ ስትመዘግብ በቦታዋ የሚተካ ሰው ደመወዝ ማግኘቱ ነው።

የንግዱ ማኅበር ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ አብዛኛውን የሕክምና መሣሪያ ከውጭ አገር ስለምታስገባ፣ መሣሪያው በነጋዴ እጅ ያልፋል። አስመጪው መሣሪያውን አስረክቦ ደረሰኙን ከተቀበለ በኋላ ጉዳዩ የተፈጸመ መስሎ ሊታየው አይገባም። የመለዋወጫውንና የማሠልጠኛውን ወጪ በዋጋው ውስጥ እንደሚያስብ ሁሉ፣ ሠራተኞቹ መሣሪያውን ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ተከታትለው የሚመዘግቡበትን ጥቂት ገንዘብም ቢያስብ፣ ሐኪም ቤቱ ዕውቀት፣ ነጋዴውም የታመነ ስም ያገኛል። ባለፋብሪካውና ባለእርሻውም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ሠራተኛው ሲታመም ሥራው ይቆማልና፣ በአቅራቢያቸው ያለው ሐኪም ቤት የትኛው ሕክምና ሰውን ቶሎ ወደ ሥራው እንደሚመልስ ቢያውቅ ቀጥተኛ ተጠቃሚዎች እነርሱ ናቸው። ለአንድ ድርጅት የሚከብደው ወጪ ለብዙዎች ቀላል ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ በንግድ ምክር ቤት አማካይነት የሚዋጣ ገንዘብ ማንንም ሳያጎብጥ ብዙ ሊሠራ ይችላል።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚሰጥበት ሁኔታ ከገንዘቡ መጠን ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። የሰጠ ሁሉ ውጤቱን እንዲያዝዝ ከተፈቀደለት፣ የተገኘው ምርምር ሳይሆን የታተመ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን የሚመርጡት ሠራተኞቹ መሆን አለባቸው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይመረምረውና በሽተኛው ወይም የልጁ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ሳይፈቅድ ምንም ጥናት መጀመር የለበትም። ውጤቱም መልካም ቢሆን ወይም መጥፎ መታተም ይኖርበታል። የማላዊው ጥናት የብዙዎችን ተስፋ አፍርሷል ተብሎ ቢደበቅ ኖሮ፣ ስንት ሐኪም ቤት ያንኑ ስሕተት በደገመ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ምሳሌ ለበሽተኛው ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለሐኪም ቤቱም፣ ለሻጩም ይሠራል።

የሐኪም ቤት ኃላፊዎችም የራሳቸው ግዴታ አለባቸው። በአንድ ክፍል ቁስል ወይም ሞት በዝቶ መገኘቱን የመዘገበች ነርስ ስሟ በጥፋት የሚነሣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ወር መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፤ ሞቱ ግን አይቀንስም። ቁጥሩን በቅንነት ያቀረበ ሠራተኛ መመስገን እንጂ መከሰስ አይገባውም። በወር አንድ ጊዜ ሐኪሙም ነርሷም እኩል የሚናገሩበት፣ የተቆጠረው ሁሉ የሚነበብበት ስብሰባ ቢኖር፣ ወጪው ከአንድ የሻይ ግብዣ አይበልጥም።

በሮችፎርድ ግቢ ፀሐይ ለሁሉም እኩል ወጥታ ነበር። ያንን ቢጫ ሦስት ማዕዘን አይታ የተናገረችው ግን ከሕፃናቱ ጋር የምትውለው ነርስ ናት። በዛሬይቱ ሌሊትም በአንድ የኢትዮጵያ ሐኪም ቤት አንዲት ነርስ ሌላ ሰው ያላየውን ነገር አይታ ይሆናል። ያየችውን የምትጽፍበት መዝገብ፣ የምትጽፍበት ሰዓትና የሚሰማት ሰው እንዲኖራት ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ነጋዴ ለመጋዘኑ ዘበኛ ከሚከፍለው ብዙ የሚበልጥ አይደለም።