የሰማ አላነበበም ለሚሉን

«ፍቅር እስከ መቃብርን አንብበኸዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሰምቼዋለሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል ምን እንደሚገጥመው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፈገግታ ይከተለዋል፤ ከፈገግታው ቀጥሎ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል፤ ያ ሰው ስለ ሰብለ ወንጌል ቢናገር ሰሚ አያገኝም። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን ያራገፈ፣ አርባኛው ገጽ ላይ ደክሞት ያቆመ እንኳ ቢሆን፣ ከእርሱ በላይ ይደመጣል። እኔ ይህ ፍርድ ግፍ ነው እላለሁ። ግፉም በአድማጩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ያረፈው መጽሐፉን በጆሯችን ባኖረው ሰው፣ በወጋየሁ ንጋቱ ላይ ነው።

ወጋየሁን ደግሞ ማን ረሳው ትሉኝ ይሆናል። ስሙንማ ማንም አልረሳውም። ታላቅ ተዋናይ ነበር፤ የቲያትር ሰዎች ሲያነሡት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። እኔ የምጠይቀው ስሙ በየትኛው መዝገብ እንደ ተጻፈ ነው። (የባንክ ሠራተኛ ነኝና መዝገብ መጠየቅ ልማዴ ነው።) ስለ ልብ ወለዳችን ስንነጋገር ሐዲስ ዓለማየሁ ይነሣሉ፤ መጽሐፉ የታተመበት 1958 ዓ.ም. ይነሣል፤ የፊውዳሉ ሥርዓት፣ የጉዱ ካሳ ትችት፣ የጎጃም አማርኛ ይነሣል። ወጋየሁ ከተነሣም «በነገራችን ላይ በሬዲዮ የተረከው እሱ ነው» ተብሎ በግርጌ ይታለፋል። በእኔ ግምት ግን ያ ትረካ ለልብ ወለዱ ሁለተኛ ልደቱ ነው፤ ሁለተኛ ልደት ደግሞ በግርጌ አይጻፍም።

እስቲ ከቃሉ እንነሣ። «ነበበ» በግዕዝ ተናገረ ማለት ነው። «አንበበ» ደግሞ የዚያው ግስ አድራጊ ነው፤ አናገረ፣ እንዲናገር አደረገ ብንለው ከሥሩ አንርቅም። አማርኛችን «አነበበ» የሚለውን ከዚያ ወረሰ። እንግዲህ ማንበብ ሲባል አባቶቻችን ያሰቡት ዓይን በመስመር ላይ ሲንሸራተት አልነበረም፤ ዝም ያለው ብራና አፍ ሲያወጣ ነበር። የንባብ ቤት ተማሪ ጮኾ ያነባል፤ ዝም ካለ መምህሩ ተኝቷል ብሎ ይገሥጸዋል። በልቡ የሚያነብ ሰው በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው ታዲያ ቤቱን ሁሉ ወርሶ ባለቤቱን «አንተ እኮ አንባቢ አይደለህም» ሲለው ዝም ብለን እንይ?

ሌላም ምስክር አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተአምረ ማርያም ሲነበብ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። ስንክሳሩ፣ ድርሳኑ፣ ገድሉ ለስንት መቶ ዓመታት ለምእመኑ የደረሰው በአንድ ካህን ድምፅ ነው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ፣ ከአለት በተፈለፈለው ቤተ መቅደስ ውስጥ ስንት ትውልድ ቆሞ እንዳደመጠ አስቡ። ከእነዚያ መካከል «ገድሉን አላነበብኩትም፣ ሰምቼው ብቻ ነው» ብሎ ያፈረ ነበር? አልነበረም። የሰማውን ኖሮበታል፤ ማልዶበታል፤ ልጁን ሰይሞበታል።

የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ሰውየው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በዲማ የተማሩ የቅኔ ሰው ናቸው። ቅኔ ደግሞ በጆሮ የሚኖር ጥበብ ነው፤ መምህሩ ይዘርፈዋል፣ ተማሪው ይቀበለዋል፣ ያልተቀበለ አጣው። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ደራሲ የጻፈው ንግግር ወረቀት ላይ ተኝቶ የሚቀር አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲፎክሩ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ደረቱን ይነፋል፤ ጉዱ ካሳ ሲተች ቃሉ እንደ መርፌ ይጠቀጥቃል፤ የቆሎ ተማሪው በዛብህ በሰብለ ፊት ሲንተባተብ ሥርዓተ ነጥቡም አብሮ ይንተባተባል። ይህንን አይቶ «ይህ መጽሐፍ አፍ ይፈልጋል» ማለት የሥነ ጽሑፍ ማስተዋል ነው። ወጋየሁ ከማስተዋሉም አልፎ አፍ ሆነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ነውና። አንድ ሰው፣ ማይክሮፎን ፊት፣ ያንን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሟል። ባላባቱና ጭሰኛው፣ እናትና ልጅ፣ ሽማግሌና ኮረዳ ሁሉም በአንድ ጉሮሮ ይተላለፋሉ። ፊታውራሪ በገበሬዎቻቸው ላይ ዘምተው በአበጀ በለው እጅ ሲወድቁ ትሰሙታላችሁ? አንባቢ ነኝ ባዩ እዚህ ላይ ስቆ ያልፋል። ወጋየሁ ግን ያሥቃችኋል፤ ሣቁ ሳያልቅ ደግሞ የሽማግሌው ውርደት ያማችኋል። ፊታውራሪን ጠልተን ሳንጨርስ ያሳዘነን ድምፁ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያ ኀዘኔታ የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን ተደብቆ ነበር፤ የቆፈረው ሰው ተዋናይ ነው። ሃያሲ ይህን ያህል ቢቆፍር ኖሮ በየጉባኤው ጥናት አቅራቢ እናደርገው ነበር።

ተቃዋሚዎቼ እዚህ ላይ የሚያነሡት አንድ ቁም ነገር አለ፤ አልሸሸውም። «ወጋየሁ ምናባችንን ነጠቀን፤ ዛሬ ጉዱ ካሳን በራሳችን ድምፅ መስማት አልቻልንም» ይላሉ። እውነት ነው። እኔም መጽሐፉን ስገልጥ የምሰማው የእርሱን ድምፅ ነው። ይህ ግን የመስማት ጥፋት አይደለም። ጎበዝ አንባቢ ሁሉ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ያስቸግራል፤ አንድ ታላቅ ሃያሲ ስለ አንድ ግጥም የጻፈውን ካነበባችሁ በኋላ ግጥሙ ወደ ቀድሞው ንጽሕናው ይመለስላችኋል? አይመለስም። ሃያሲውን «ምናቤን ሰረቅህ» ብሎ የከሰሰ ግን አላየሁም። ክሱ በተዋናዩ ላይ ብቻ የሚበረታበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ወደ አገሬ ልመለስ። ዋግ ደጋ ነው፣ ገደል ነው፣ ተከዜ ነው። ሰው ስለ ዋግ የሚያውቀው የ1977ቱን ረኀብ ነው፤ ካልሆነም በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በከተማችን ስም የተጠራውን የሰቆጣ ቃል ኪዳንን። ስለ እንጀራችን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ንባባችን ማንም የጠየቀን የለም። በእኛ አገር ብዙው ሰው አፉን የፈታው በኽምጣኛ ነው። አማርኛ በትምህርት ቤት፣ በገበያ፣ በፍርድ ቤት የሚገጥመው ቋንቋ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም የሰብለን አማርኛ አያስተምርም። አንድ የሰፈራችን አዛውንት፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ «ያን የመሰለ አማርኛ ሰው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ከሳጥኑ ነው የተማርኩት ልጄ» ብለውኛል። ሳጥን ያሉት በባትሪ የሚሠራውን ሬዲዮ ነው። ዛሬም የሰቆጣ ወጣት ያንኑ ትረካ በስልኩ ሚሞሪ ጭኖ ይሰማዋል። እኒያ አዛውንት ጉዱ ካሳ መጨረሻ ላይ ከሁለቱ ጋር በአንድ ስፍራ መቀበሩን ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰበራል። በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሚዛን እርሳቸው አላነበቡም፤ አርባኛው ገጽ ላይ ያቆመው አንብቧል። እንዲህ ያለ ሚዛን እኛ መሥሪያ ቤት ቢገኝ ኦዲተር ይጠራበታል።

ስለዚሁ ነገር ከጻፍኳት ግጥም አራት መስመር ላስገባ፤ ታገሡኝ፦

መጽሐፉ ሳይደርሰን ድምፁ ቀድሞን ደርሶ፣
ለማናውቃት ሰብለ አስነባን አልቅሶ፤
ስሙ የታል ብለን ሽፋኑን ብናየው፣
ወረቀት ድምፅ የለው የት ብሎ ያቆየው።

አሁን ወደ ዘገየሁት ምክንያት ልምጣ። ተዋናይን እንንቃለን። እንወደዋለን፣ እናጨበጭብለታለን፣ ከአዋቂ ግን አንቆጥረውም። አዝማሪን ያዋረደው አፋችን ገና አልታጠበም። አባባ ተስፋዬ በወጣትነታቸው ሴት ተዋናይ በጠፋበት መድረክ የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር፤ ኋላም ለ42 ዓመታት በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነገሩ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሁሉም «አባታችን» አለ። ያን ያህል ዘመን በቃል የነገሩትን ተረት ግን ከሥነ ጽሑፍ ቆጥሮ የመረመረው ስንቱ ነው? በዓመቱ በሐምሌ 2010 ፍቃዱ ተክለማርያም ተከተላቸው። እርሱም በመድረክም በመጽሐፍ ትረካም ድምፁ የታወቀ ነበር፤ ኩላሊቱን ታሞ ሕዝብ መዋጮ ሲያዋጣለት ነው ያለፈው። ለመታከሚያ እናዋጣለን፣ ለቀብር እንወጣለን፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ለተዋናይ የምናደርገው እንግዳ ሆኖብናል።

ከንቀታችን ሁሉ የሚብሰው ደግሞ «የህንድ ፊልም» የምንለው ስድብ ነው። ልቅሶ የበዛበት፣ ዘፈን የበዛበት፣ ለተርታ ሰው የተሠራ ማለታችን ነው። ህንዶቹ ግን በዚህ ነገር ቀድመውናል። አሚታብ ባችቻንን ያላየ የለም። አባቱ ሃሪቫንሽ ራይ ባችቻን የሂንዲ ቋንቋ ታላቅ ባለቅኔ ነበር፤ «መዱሻላ» የተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1935 ነው የወጣው። ልጁ ወጣት ሳለ በአገሩ ሬዲዮ አንባቢ ልሁን ብሎ ቢፈተን ድምፁ አልተወደደለትም። በፊልም ዓለም የመጀመሪያ ሥራው ግን ያው የተናቀው ድምፅ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በምሪናል ሴን ፊልም ውስጥ ሳይታይ ተረከ። በ1973 «ዛንጂር»፣ በ1975 «ሾሌይ» ስሙን አገነኑት፤ በ1982 በፊልም ሥራ ላይ ተጎድቶ ሊሞት ሲያጣጥር አገር ሙሉ ጸለየለት፤ ፓርላማም ገብቶ ሳይከርም ወጣ። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ያ የድብድብ ፊልም ጀግና እስከ ሽምግልናው የአባቱን ግጥም በአደባባይ በቃሉ ሲያነብ ኖሯል። ባለቅኔውንና ተዋናዩን በአንድ ቤት ያኖረ ሕዝብ «የሰማ አላነበበም» ብሎ ለመፍረድ ይከብደዋል።

ስለ ስምም ቢሆን ከእነርሱ የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 «ማሃል» የሚባል ፊልም ወጣ። የአንዱ ዘፈን ሸክላ ላይ የተጻፈው የዘፋኟ ስም አልነበረም፤ የገጸ ባሕርይዋ ስም ነበር። አድማጩ ግን «ይህች ማን ናት?» እያለ ሬዲዮውን አስጨነቀ። ስሟ ወጣ፤ ላታ ማንጌሽካር ነበረች። ያስወጣት ጠያቂው አድማጭ ነው።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ይሻላል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናዩን «ከዋኝ» ብሎ ስም ሰጥቶ መብት አቁሞለታል። መብቱን «ተዛማጅ» ነው የሚለው። ቃሏን ወደድኳት፤ ከዋኙ ለደራሲው ዘመድ ነው ማለት ነው። በየስልክ ቤቱና በየድረ ገጹ የሚንከራተቱትን ትረካዎች ግን ተመልከቱ። የወጋየሁ ስም ስለ ገነነ ይጻፋል፤ የሌላው ተራኪ ግን «ትረካ ክፍል 7» ተብሎ አባቱን እንዳጣ ልጅ ይለቀቃል። የቀረጸው ቴክኒሽያን፣ የፈረሱን ኮቴና የበሩን ሲጢጥታ ያስገባው ሰውማ ከነጭራሹ የለም። እኛ ዘንድ ስም የሌለው ሂሳብ አይከፈትም።

ይህን ሁሉ የምለው ለወጋየሁ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለእርሱማ ድምፁ ይበቃዋል። ዋግ ውስጥ በኽምጣኛ የሚተርኩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ቀበሮውንም ጅቡንም ባለጠጋውንም በአንድ አፍ የሚያመጡ፣ ልጆች እራት የሚረሱላቸው። ኽምጣኛ አሁን በፊደል ይጻፋል፤ ልጆቻችን አንደኛ ደረጃ ይማሩበታል። የተረት መጽሐፍ ሲዘጋጅ ታዲያ ተረቱ «ከሕዝብ የተገኘ» ይባልና የአዘጋጁ ስም ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ሕዝብ አፍ የለውም፤ አፍ ያላቸው እኒያ ሴትዮ ናቸው፣ እኒያ ሽማግሌ ናቸው። እነርሱን ተራኪ ብሎ ለመመዝገብ መጀመሪያ ተራኪ የሚባል ሰው በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ እንዳለው ማመን አለብን፤ ለወጋየሁ የነፈግነውን ቦታ ለእነርሱ አንሰጥም።

ስለዚህ ከእናንተ ከአንባቢዎች የምጠይቀው አለኝ፤ በነገራችሁ ላይ «አንባቢዎች» ስል አድማጮችንም ማለቴ ነው። በ«ከመጻሕፍት ዓለም» ከወጋየሁ በፊትም በኋላም የተረኩትን፣ ያዘጋጁትን፣ የቀረጹትን ሰዎች ስም የምታውቁ ጻፉልኝ፤ የትኛው መጽሐፍ በማን ድምፅ እንደ ተነበበ ዝርዝር ጀምሬአለሁ። ለጊዜው አሥራ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ስም የላቸውም።