ቀጠሮና ፎቅ

«በሕግ አምላክ!» ሲሉት ባለበት ቀጥ የሚል ሕዝብ ነበርን ይባላል። ዱላ ያነሣ ክንድ እንኳ በዚህች ቃል ይዝል ነበር ሲሉ አባቶቻችን አውርተውናል። እኔ በምኖርበት በቁስቋም ቃሏ ዛሬም አልጠፋችም። በ2011 ክረምት አንዲት ጎረቤቴ አጥራቸው ሥር ቆመው ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኸዋታል። ከላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣ ግንበኛው ቁልቁል አያቸውና ሥራውን ቀጠለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጎረቤቴ ጥጥ እየፈተሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚያስረክቡ ባልቴት ናቸው። ባለፎቁ አጥራቸውን አንድ ሜትር ተኩል ገፍቶ፣ የዝናብ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ በግንብ ደፈነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ በባልቴቷ በር መግባት ጀመረ። የሰውዬውን ስም አልጽፍም። ብጽፍ ሌላ መዝገብ ይከፈታል፤ ያኛው መዝገብ ደግሞ በፍጥነት እንደሚታይ አልጠራጠርም።

ክሱ የቀረበው በጥር 2009 ነው። ወረቀቱን ሳነብላቸው፣ ችሎት አብሬያቸው ስመላለስ የኖርሁ ነኝና የማወራው ያየሁትን ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ክርክሩ እስኪያልቅ ግንባታው ይታገድልኝ ሲሉ አመለከቱ። ተከሳሹ መጥሪያ አልደረሰውም ተባለና ቀጠሮ ተሰጠ፤ መሠረቱ ተቆፈረ። ጠበቃው መልስ ለማዘጋጀት ጊዜ ጠየቀ፤ ምሰሶው ቆመ። መዝገቡ ከመዝገብ ቤት አልመጣም፤ የመጀመሪያው ሶሌታ ተሞላ። ዳኛው ተዛወሩ፣ አዲሱ ዳኛ መዝገቡን እስኪያነቡ ሁለተኛው ተሞላ። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ፍርድ ቤት ዕረፍት ነው፤ ሲሚንቶ ግን ዕረፍት አያውቅም። በ2012 በኮሮና ሳቢያ ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉ ልስኑ አለቀ። ዕግዱ የተሰጠው በ2013 ነው። ያኔ ተከራዮቹ ገብተው መጋረጃቸውን ሰቅለው ነበር።

በ2015 ተፈረደላቸው። እልል ለማለት አፋችንን ስንከፍት ይግባኝ ተባለ፤ የፍርዱም አፈጻጸም ታገደ። ልብ በሉልኝ፤ ግንቡን ለማገድ አራት ዓመት የፈጀው ፍትሕ ፍርዱን ለማገድ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም።

ስለዚህ «ፍርድ ቤቶቻችን ቀርፋፋ ናቸው» የሚለውን የተለመደ እሮሮ እኔ አልቀበለውም። ቀርፋፋ ቢሆኑማ ለሁሉም ቀርፋፋ በሆኑ ነበር። ሕጋችን መሮጥ ይችላል፤ የሚሮጠው ማን ሲጠራው እንደሆነ ነው ጥያቄው።

በ1993 ሲሮጥ አይተነዋል። የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በድርጅታቸው ውስጥ ከተፈጠረው ክፍፍል በኋላ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ፤ ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው። በዚያው ሰሞን በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። በ1999 የአምስት ዓመት እስራት ሲፈረድባቸው ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ታስረው ነበር። ይህን ያነሣሁት የስዬን ጥፋት ወይም ንጽሕና ልመረምር አይደለም፤ ትናንት ባለሥልጣን የነበረ ሰውም ቢሆን ሥልጣኑ ከእጁ ሲወጣ የእኔ ጎረቤት ጎን እንደሚሰለፍ ለማሳየት ነው። አንድ ሰው ለመያዝ ሲፈለግ አዋጅ በጥቂት ቀናት ይደርሳል። አንዲት ባልቴት አጥር ስትጠይቅ መዝገብ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ለመድረስ ወር ይፈጅበታል።

«ዳኛው ጥቂት፣ መዝገቡ ብዙ» ይሉናል። እውነት ነው፤ ዳኞቹም በፋይል ክምር መካከል ሲንገላቱ አይቻለሁ። የደርግ ባለሥልጣናት የዘር ማጥፋት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ ጥፋተኝነቱ የተወሰነው በታኅሣሥ 1999 ነበር። ፍርዱን ሳይሰሙ የሞቱ ተከሳሾች አሉ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ዚምባብዌ ተቀምጠው በሌሉበት ተፈረደባቸው። ያ የአንድ ሥርዓት ወንጀል፣ የብዙ ሰው ደም ነው፤ 12 ዓመት ይፍጅ እንበል። የአንድ ሜትር ተኩል አጥር ለዚያ ለሚቀርብ ዕድሜ ሲጓተት ግን የዳኛ ቁጥር ብቻውን መልስ አይሆነኝም።

ድሮ ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጭካኔው ግልጽ ነው፤ ይመለስ የሚል ካለ እኔ ከእርሱ ጋር የለሁበትም። ግን አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር። ነገሩ ሲጓተት ሁለቱም ይጓተታሉ። ዛሬ ቀጠሮ የሚያስረው አንደኛውን ብቻ ነው። ባልቴቷ ከቁስቋም ወርደው፣ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተጋፍተው፣ የአንድ ቀን ፈትል ከስረው ይቀርባሉ። ሰውዬው ጠበቃውን ይልካል፤ እሱ ያን ዕለት የቤት ኪራይ ይሰበስባል። ለእርሱ እያንዳንዱ ቀጠሮ ገቢ ነው። ገቢውን ማን ይጠላል?

እንግዲህ ቀጠሮ የሚያስለውጥ ወገን የሌላውን የዋለበትን ቀን፣ የታክሲውን፣ የቀረበትን ሥራ ሁሉ እዚያው ችሎት ላይ ይክፈል። ዕግድ ሲጠየቅም ግንቡ ሳይቆም መልስ ይሰጥ፤ «አይታገድም» ማለት እንኳ መልስ ነው። ዝምታ ግን መልስ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው። ታዲያ እኩልነቱ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ለምን አይጀምርም?

በመጨረሻው ቀጠሮ ይግባኙ ለምርመራ ተብሎ ለኅዳር ተላለፈ። ደረጃውን ስንወርድ ባልቴቷ ሰነዳቸውን በፌስታል እየጠቀለሉ፣

«ልጄ፣ ምን አሉ?» አሉኝ።

«ለኅዳር ነው፣ እማማ።»

«የትኛው ኅዳር?»

የዘንድሮው መሰለኝ አልኋቸው።