የቡና ችግኝና የመስቀል ቅርጽ

በመስቀል በዓል በዲላና በይርጋ ጨፌ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ቢወጡ መልካም ነው። የቡናን ችግኝ ከአናቱ ቁልቁል ሲመለከቱት ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ጥንድ ሌላውን በ90 ዲግሪ እያቋረጠ፣ የመስቀል ቅርጽ ይሠራሉ። እንሰት ደግሞ ቅጠሉን አንድ በአንድ፣ በዙሪያው እየዞረ ያወጣል። ይህ አደራደር የላይኛው ቅጠል የታችኛውን ከፀሐይ እንዳይከልለው ይረዳል። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 እንደሚሆኑ ሁሉ፣ ፍጥረትም በቁጥር የተሰናዳ ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ቅርስ በመዝገብ ብቻ አይጠበቅም። ቡናና እንሰት በዛፍ ጥላ ሥር ተደጋግፈው የሚኖሩበትን ሥርዓት ያላወቀ ልጅ፣ ነገ ምሳር ሲያነሣ እጁን የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ቅጠል መቁጠርን ዛሬውኑ እናስተምረው።