የሙገር ድንጋይና የባሕር ዛጎል

የባሕር ውሃ አሲድነት እየጨመረ መሄዱን ባነሣን ቁጥር አንዳንድ ጓደኞቻችን «በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ ከወጣች ወዲህ ጠረፍ የሌለን ሰዎች፣ የዛጎል ነገር ምን አስጨነቀን?» ይሉናል። ጥያቄው ያስቃል እንጂ መልስ አያጣም። መልሱም ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ላፍቶ በየቀኑ ሲቆም በምናየው ፎቅ ውስጥ ይገኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ዛሬ የዓባይ ሸለቆ የምንለው ስፍራ በባሕር ተሸፍኖ ነበር። በዚያ የኖሩ ፍጥረታት ቅርፊት ከጭቃው ጋር እየተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወርድ መንገደኛ በገደሉ ላይ ድርብርቡን ያየዋል፤ የሙገር ሲሚንቶ የሚሠራበትም ድንጋይ የዚሁ ዘመድ ነው። እንግዲህ «ባሕር የለንም» የምንለው ከባሕር በተገኘ ድንጋይ በተሠራ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነው!

ድንጋዩ በምድጃ ሲቃጠል ግን የቆየ ዕዳውን ይዞ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራ ሲቀር፣ 44ቱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል፤ ይኸውም የነዳጁን ጭስ ሳንቆጥር ነው። የሰው ልጅ ከሚለቀው ከዚህ ጋዝ ሩብ ያህሉን ባሕር ይውጠዋል። ጋዙ ከውሃው ጋር ሲዋሐድ አሲድ ይሆንና ኦይስተርና ኮራልን የመሳሰሉ ፍጥረታት ቅርፊታቸውንና አጽማቸውን የሚገነቡበትን ካርቦኔት ይሻማቸዋል። ባሕሩ አቼቶ ሆነ ማለታችን አይደለም። የላይኛው ውሃ ፒኤች ከኢንዱስትሪ ዘመን መባቻ ወዲህ ከ8.2 ወደ 8.1 ገደማ ነው የወረደው። ነገር ግን በፒኤች አቈጣጠር አንዷ ደረጃ 10 እጥፍ ናትና፣ ይህች ትንሽ ቁጥር የአሲድነቱን መጠን ከሩብ በላይ አሳድጋዋለች። በአሜሪካ በኦሪገን ጠረፍ በ2007 እ.ኤ.አ. በመፈልፈያ ውስጥ የነበሩ የኦይስተር ጫጩቶች የመጀመሪያ ቅርፊታቸውን በወጉ ሳይሠሩ በብዛት አልቀዋል። አርቢዎቹ የመፈልፈያውን ውሃ ማከም ተማሩ፤ ክፍቱን ባሕር ግን ማን ያክመዋል?

የአገራችን ድርሻ ከዓለሙ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት መሆኑን አንክድም። ሀብታሞቹ ያጨሱትን ድሆች ይክፈሉ የሚለውን ስብከትም አንቀበልም። ይሁን እንጂ ሰው ከሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የሲሚንቶ ነው፤ እኛ ደግሞ ገና መገንባታችን ነው።

በእጃችን ያለ ነገርም አለ። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከፊሉ ክሊንከር በፑሚስ የተተካ ነው። ፑሚስ በስምጥ ሸለቆአችን ሞልቶ የተረፈ፣ እሳተ ገሞራ አስቀድሞ ያቃጠለልን ድንጋይ ነው። ለልስንና ለብሎኬት ግንብ ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ «ኦፒሲ ካልሆነ» የሚል አሠሪ ጥቂት አይደለም። እርግጥ ነው፣ ፒፒሲ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ በመሆኑ ውሃ እየጠጣ መሰንበት ይፈልጋል፤ ችኩል ተቋራጭም ይህን አይወድም።

ስለዚህ የኬሚስትሪና የሲቪል ምሕንድስና መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ቤተ ሙከራ ይገናኙና የሁለቱንም ሲሚንቶ ኮንክሪት ሠርተን በ7፣ በ28 እና በ90 ቀን እንስበረው፤ ውጤቱንም በዚሁ ጋዜጣ እናውጣ። የሲሚንቶውን ዋጋ ተማሪዎች ከኪሳችን ለማዋጣት ዝግጁ ነን።