ሞተሩ እምቢ ሲል

ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይቦካል፤ ዋጋውም ይወርዳል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ያለን ቡና አምራቾች ይህን በሚገባ እናውቃለን። ታዲያ የመፈልፈያው ሞተር አልነሳ ቢል፣ መካኒኩም ሩቅ ቢሆን ምን እናድርግ?

ናፍጣ ካለቀ በኋላ ሞተር እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በቱቦው አየር ስለገባ ነው። ይህን ራሳችን ማስተካከል እንችላለን።

1. ንጹሕ ናፍጣ እንሙላ።
2. በፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን እናላላ። አረፋ ይወጣል። ናፍጣው በራሱ ካልወረደ በእጅ ፖምፓው እንግፋ።
3. አረፋው አልቆ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ ብሎኑን እናጥብቅ።
4. የፈሰሰውን ጠርገን ሞተሩን እናስነሳ።

ሌላም ነገር ከፈታን እርሳስና ወረቀት አንርሳ። የፈታነውን ሁሉ በተራ ቁጥር እንጻፍ። ስንገጥም ከመጨረሻው ቁጥር ወደ መጀመሪያው እናንብብ። ያን ጊዜ የሚተርፍ ብሎን አይኖርም።

ጥንቃቄ፦ ሞተር በተዘጋ ቤት አናስነሳ። ጭሱ ሰው ይገድላል።

ይህን ሁሉ አድርገን ካልተነሳ መካኒክ እንጥራ። የጻፍነውንም እናሳየው። ሥራው ይቀልለታል።