የመሪው ልጅ ስም ሲጠራ

በደነባ መንገድ ላይ አንድ ዓይነ ስውር አባት ሲያልፉ የበትራቸውን ጫፍ የሚይዘው ማነው? ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ያውም ክፍል ውስጥ መገኘት የነበረበት።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ የሠለጠነ ውሻ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመን አገር በኦልደንበርግ ከተማ፣ በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች መሪ ውሾችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በእንግሊዝ አገርም በ1931 በአራት ውሾች የተጀመረው ሥራ ዛሬ በሕዝብ መዋጮ የሚረዳ ትልቅ በጎ አድራጎት ድርጅት ሆኗል።

«ታዲያ እኛስ?» የሚል አይጠፋም። እኛ አገር ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ አንዱን ማሠልጠንም ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ለእኛ የሚቀርበው ነጭ በትር ነው፤ እሱም ቢሆን አጠቃቀሙን የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል።

አባትን መምራት ምርቃት ያሰጣል፤ ይህን አንነቅፍም። ዳሩ ግን ልጁ ፊደል ሳይቆጥር መቅረት የለበትም። ስለዚህ እኛ ዕጩ መምህራን፣ ነገ ስም ስንጠራ «የለም» ሲሉን ምልክት አድርገን ብቻ አንለፍ። የት ሄደ ብለን እንጠይቅ። አባቱን እየመራ ከሆነ ቤታቸው ድረስ ሄደን ከቤተሰቡና ከጎረቤት ጋር እንምከር። መምራቱ በተራ ይሁን፤ ለአባትየውም ነጭ በትር ይፈለግላቸው። ልጁ ግን ክፍል ይግባ።